ሆስፒታሉ የሚያውቀውን ማን ይሰማል?



ስለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማኅበረሰብ፣ ስለ ዜናውና ስለ መጪ ዝግጅቶቹ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ዓይኑ ላይ የሚመጣው የምረቃ በዓል፣ የምርምር ጉባኤ፣ የሪባን ቆረጣ፣ የልዑካን ጉብኝት ነው። እነሱም ይኑሩ። ስንት ዓመት እንቅልፍ ያጡ ልጆች አበባ ታቅፈው ፋሲል ግንብ ሥር ፎቶ ቢነሱ ማንም አይከፋውም። እኔ ግን የመጣሁት የጥሪ ወረቀት ስለማይታተምላቸው ዝግጅቶች ለማውራት ነው።

ሆስፒታል ነገ የሚመጣውን ከብዙ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ያውቃል። በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ወረዳ፣ ምን ዓይነት በሽተኛ፣ በምን ሁኔታ ደጁ ላይ እንደሚወርድ ከልምድም ከመዝገብም ያየዋል። ይህ ዕውቀት ግን አጥሩን አልፎ እምብዛም አይወጣም። ከአጥር ውጭ የሚሰማው ያለፈው ነው፦ ተመረቀ፣ ተጎበኘ፣ ተፈረመ። የሚመጣውን፣ ያውም የሚጎዳውን፣ በሚሰማበት ቦታና ጊዜ ለባለጉዳዩ ያልነገረ ሆስፒታል ስለ ራሱ አወራ እንጂ ዜና ተናገረ አልልም።

ዩኒቨርሲቲው የበቀለበት የጎንደሩ የጤና ትምህርት ቤት ራሱ የተወለደው ከመጥፎ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። ደምቢያን ያየ ሰው ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ እንዴት ውኃ እንደሚቋጥር ያውቃል። ዝናቡ በበዛበት፣ ሙቀቱም በጨመረበት ዓመት ትንኟ ወትሮ ወደማትደርስበት ከፍታ ትወጣለች፤ እዚያ ያለው ሕዝብ ሰውነቱ ወባን አልለመደምና ሕፃኑም ጎልማሳውም እኩል ይወድቃል። በቀጣዩ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር 1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከሉ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር እየተረዳ ጎንደር ላይ ተከፈተ።

እኔን የሚገርመኝ ምን ለማስተማር እንደተከፈተ ነው። ጎንደር ሦስት ሙያ አንድ ላይ ጀመረች፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒተሪያን። ሦስቱ በቡድን ሆነው ገጠር ይወርዱ ነበር። ሳኒተሪያኑ ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል፤ ነርሷ እናትና ልጅን ትከታተላለች፤ ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ይመዘግባል፣ ጣቢያውን ይመራል። ከመስክ መለማመጃዎቹ አንዱ እዚያው ወባው በተነሣበት በደምቢያ፣ ቆላድባ ነበር። የቡድን ሥልጠናው ዛሬም አለ፤ ተማሪዎቹ ቲቲፒ ይሉታል፤ ሽርሽር አድርጎ የሚቆጥረውም አይጠፋም። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር። ሠራተኛው መንደሩ ውስጥ ካለ፣ ዜናው በቃሬዛ ተጭኖ እስኪመጣ አይጠበቅም። የሕክምና ፋኩልቲው የተከፈተው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት መንደሩ ቀድሞ፣ ሐኪም ማስተማሩ ተከትሎ መጣ። ቅደም ተከተሉን አትርሱት።

የጤና ቡድኖቹ ትምህርት ገና ሥር ሳይሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ወባው በሰፊው የአገሪቱ ክፍል ተመለሰ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ። ይህን የጥንት ታሪክ አድርጋችሁ እንዳትሰሙት። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ የወባ መከታተያ ሰንጠረዥ የሚባል ወረቀት አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት ያሳዩት የሕሙማን ቁጥር ይደረደርና ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር እንደ ወሰን መስመር ይያዛል። የዘንድሮው ሳምንት መስመሩን ካለፈ ወረርሽኝ ሊነሣ ነው ማለት ነው። ለእኔ በዚህ አገር ከሚወጡት ጋዜጦች ሁሉ ምርጡ ይህ ወረቀት ነው፤ አንባቢዎቹ ግን ለሱፐርቪዥን የመጡ ሰዎች ብቻ ናቸው። አሁን ነሐሴ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ምን እንደሚመጣ ላብራቶሪው ያውቃል። መስመሩ መታለፉን የደምቢያ ገበሬ በዚያው ሳምንት ቢሰማ አጎበሩን ከእህል መሸፈኛነት አውጥቶ አልጋው ላይ ይዘረጋዋል፤ ልጁ ሲያተኩሰው «ይለፍለት እንደሆነ» ብሎ አያሳድረውም።

እስቲ ወደ ግቢው እንግባ። በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትልቁ የዜና ክፍል የሕዝብ ግንኙነት ቢሮው እንዳይመስላችሁ። ሞርኒንግ የሚባለው የጠዋት ስብሰባ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሌሊቱን ዲዩቲ ያደሩት ኢንተርንና ሬዚደንት ዓይናቸው ቀልቶ ይቆማሉ፤ ስንት ሰው ተኛ፣ ስንት ሞተ፣ ማን ዘግይቶ ደረሰ፣ ምን መድኃኒት ጠፋ፣ ይናገራሉ። ሲኒየሮቹ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዴም ያፋጥጣሉ። (ፈገግ ያላችሁት ሬዚደንቶች መሆናችሁ ከዚህ ይታየኛል።) እዚያ የሚነገረውን ለጥቂት ሳምንት ያዳመጠ ሰው አካባቢውን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ያለፋት እናት ስትደርስ የየት ወረዳ መንገድ እንደተዘጋ ይታወቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግጭቱ በክልሉ ከተስፋፋ ጀምሮ ይህ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሕፃናት በተቅማጥ ተከታትለው ሲገቡ የትኛው ሰፈር ውኃ እንደተበከለ ይታወቃል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስብሰባው ይበተናል፤ ዜናውም አብሮ ይበተናል።

ይህ መበተን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ካላዛር የሚባለውን በሽታ ያህል የሚያሳይ የለምና እሱ ላይ ልቆይ።

ክረምት ሲገባ ከደጋውና ከወይና ደጋው ወጣቶች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። መጀመሪያ አረም ነው፤ ከመስከረም በኋላ የሰሊጥ አጨዳ። ሥራው ይቸኩላል፤ ሰሊጥ ቀኑን ካለፈ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ውሎውም አዳሩም እርሻው ላይ ነው። ማታ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ደርቆ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ ጋደም ይላል። የአሸዋ ዝንብ የምትባለው፣ ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት፣ መኖሪያዋ ያው ስንጥቅና ያው የግራር ሥር ነው። ሌሊት ትነድፋለች። ጥገኛው ሕዋስ ደም ውስጥ ገብቶ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ይደበቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ምልክት አያሳይም።

ልብ በሉ፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሲታመም ቆላ የለም። ገንዘቡን ይዞ ቤቱ ገብቷል፤ ምናልባት በሬ ገዝቷል፤ ሠርግ ደግሷል። ትኩሳቱ ሲጀምረው የሚሄደው ደጋ ላይ ወዳለው ጤና ኬላ ነው። እዚያ ትኩሳት ማለት ወባ ነው፤ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል። አይመለስለትም። ሌላ ይሰጠዋል። ሰውነቱ ይመነምናል፣ ሆዱ በግራ በኩል ያብጣል፣ ደሙ ያልቃል። አንዳንዱ ጠበል ይገባል። ካላዛር ካልታከመ የሚምረው ሰው ከቁጥር አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ደጅ ሲደርስ ሁለት ሰው ደግፎት ነው።

ይህ በሐሳብ የተሳለ ታሪክ አይደለም። ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ ሰው ሲያልቅ የቆየው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው እየተባለ ነበር። በዚያ ዓመት ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው፤ ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ የሕክምና ማዕከል ከፈቱ። በሽታው ቀድሞ በአካባቢው የሚታወቅ አልነበረምና ጤና ሠራተኛውን አልወቅስም። ግን አስቡት፤ ሑመራና መተማ ካላዛርን ያውቁ ነበር። ወጣቶቹ በየዓመቱ በዚያ መንገድ ይመላለሱ ነበር። አውቶቡሱ ሰዎቹን አመላለሰ፤ ዕውቀቱን ግን የጫነው አልነበረም።

ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያሲስ (ካላዛር የሚገኝበት የበሽታ ቤተሰብ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉ ሁለት መርፌዎች ናቸው፤ በየቀኑ፣ ለ17 ቀን። መርፌው ያማል፤ አንደኛው ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ በተደረገና የጎንደሩ ማዕከልም በተሳተፈበት ጥናት ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን ሲሰጥ ከነባሩ የማይተናነስ ውጤት አሳይቷል። አንድ መርፌና ሦስት ቀን ቀነሰ ማለት ነው። ለሆስፒታል አልጋ ሦስት ቀን ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ወንድሙን ሊያስታምም እርሻውን ጥሎ ኮሪደር ላይ ሸራ አንጥፎ ለሚያድር ሰው ግን ትንሽ አይደለም። እንዲህ ያለው ዜና ከሪባን ቆረጣ በፊት መነገር የነበረበት ነው፤ የሚነገረው ግን በምርምር ጉባኤ ላይ፣ በስላይድ ነው።

ከዚህ በሽታ መጪ ዝግጅት የሚወጣው እንዲህ ነው። አጨዳው ሲያልቅ፣ ኅዳር ገደማ፣ አውቶቡሶቹ ይመለሳሉ። ከዚያ ባሉት ወራት ሕሙማኑ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ቀኑ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ሊነገር የሚገባውም አጭር ነው፦ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈና የወባ መድኃኒት ካልመለሰለት፣ «ሰሊጥ አጨዳ ነበርኩ» ብሎ ለጤና ሠራተኛው ይንገር። ሐኪሙ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከሰማ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለው። ካልሰማት ላይጠይቅ ይችላል።

ስለ ጥምቀትም ልንገራችሁ፤ ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ መጪ በዓል የሚያወራ ሰው ጥምቀትን ሊዘል አይችልም። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2019 በቅርስነት መዘገበው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ለእንግዶች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ተጎዱ። ለሆስፒታል ጥምቀት ቀኑ የተቆረጠ የድንገተኛ ክፍል ዝግጅት ነው፤ ለሌላው ሰው ዋዜማና ከተራ የሆነው ለእሱ የደም፣ የጂፕስ፣ የኦፕራሲዮን ክፍልና የትርፍ ዲዩቲ ጉዳይ ነው። የበዓሉ ኮሚቴ ሲቋቋም ከድንገተኛ ክፍል አንድ ሰው የሚቀመጠው የት ነው? ይህን መጠየቅ የከተማው መብት ይመስለኛል። አምቡላንስ የሚያልፍበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ከተራ ማለዳ ላይ ተነግሮን ብናድር ክብረ በዓሉ አይቀንስም።

ደምን ካነሣሁ አይቀር፣ የተለገሰ ቀይ የደም ሕዋስ በተለመደው ከረጢት ከተቀመጠ 35 ቀን ይቆያል፤ ፕላትሌት ደግሞ አምስት ቀን ገደማ ብቻ። ስለዚህ ዓመት ጠብቆ በዓለም የደም ለጋሾች ቀን፣ በጁን 14፣ ሰልፍ ተይዞ የተሰጠ ደም መስከረም ላይ ለሚወልዱ እናቶች አይደርስም። ተማሪው ለእረፍት ሲበተን ለጋሹም አብሮ ይበተናል፤ ያን ጊዜ ባዶውን መሙላት የከተማው ነው። ይህን ብቻ ብያችሁ ልለፍ።

አሁን ደግሞ ከመጪ ዝግጅቶች ሁሉ ትልቁ፤ ቀጠሮ። ማንም ዝግጅት ብሎ አይጠራውም። ለአንዲት የበለሳ እናት ግን ከማንኛውም ጉባኤ ይበልጣል፤ ለዚያ ቀን ብላ በግ ሸጣለች፣ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታለች። ወረቀቱ ላይ 12/04 የሚል ይጻፍላታል። ታኅሣሥ 12 ነው ወይስ ኤፕሪል 12? ጸሐፊው ያውቃል። እሷ የምታውቀው የታኅሣሥ ሚካኤልን ነው። «እማማ፣ የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ቢላት፣ ለሙስሊሟም በጁምዓና በገበያ ቀን ቢቆጥርላት፣ ቀኑ ከነነፍሱ ቤቷ ይገባል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ስምንት ሰዓት ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው «አለፈዎት፣ ሌላ ቀጠሮ ይውሰዱ» ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ ሐኪሙ በዚያ ቀን እንደማይኖር የታወቀው ከሳምንት በፊት ነበር። የላይዘን ቢሮ ሠራተኞች ስልክ መደወል በጀት እንደሚፈልግ ይነግሩኛል፤ ልክ ናቸው። የአንድ ጥሪ ዋጋና የአንድ በግ ዋጋ ግን ይመዘን። የጤና መድህን ደብተር ማደሻ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ማለፉን ብዙ ሰው የሚሰማው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ ነው።

ማኅበረሰብ ስንል ታማሚው ብቻ አይደለምና አንድ ነገር ልጨምር። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ በአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን በአደባባይ አነሡ፤ ሥራ እስከማቆም የደረሱም ነበሩ። ያን ጉዳይ ሕዝቡ በአብዛኛው የሰማው በስልኩ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ፣ ግማሹን እውነት ግማሹን አሉባልታ አድርጎ ነው። ሐኪሜ የማይከፈለው ከሆነ፣ ሊሄድ የሚያስብ ከሆነ፣ ከራሱ ከተቋሙ በግልጽ ብሰማ እመርጣለሁ። ዝምታው ማንንም አልጠቀመም።

«ገጠሩ ሩቅ ነው፣ ዜና አይደርስም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ማልትራን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኅዳር ላይ በአማራ ክልል ከካርተር ማዕከል ጋር የወባና የትራኮማ ሳምንት ሲጀመር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የትራኮማ መድኃኒቱን ዋጠ። በዚህ ክልል፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ገጠር። ምን ተደረገ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ፤ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩ፤ መምህሩ ለተማሪው፣ ተማሪው ለእናቱ ነገረ። ቀኑ አንድ፣ ቦታው የታወቀ፣ መልእክቱ አጭር ነበር። ስለዚህ መንገዱ እንዳለ አይተናል። ማልትራ ላይ ግን ዜናው የዘመቻ ነበር፤ የሆስፒታሉ የዘወትር ዕውቀት ያንን መንገድ ገና አልያዘውም።

እኔ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ሞርኒንግ ላይ ከሚነገረው ውስጥ የታማሚ ምስጢር ያልሆነውን፣ አካባቢውን የሚመለከተውን፣ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው በአማርኛ በአሥር መስመር ይጻፈው። ለጤና ኬላዎች፣ ለከተማው ሬዲዮ፣ ለእድር ጸሐፊዎች፣ ለደብሮችና ለመስጊዶች ይላክ። ጸሐፊው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ለሙያው የሚጠቅመው ነገር ይሆናል። የቲቲፒ ተማሪዎችም ወደ ገጠር ሲወርዱ የመጠይቅ ወረቀት ብቻ ይዘው ባይሄዱ ደስ ይለኛል፤ ለገጠሩ ሰው ይዘውት የሚሄዱት ዜናም ይኑራቸው።

ካላዛሩን በተመለከተ ግን መጠበቅ የለብንም። ልጆቹ አሁን ቆላ ናቸው፤ እስኪመለሱ ሦስት ወር ገደማ አለን። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች፣ የአውቶቡስ ረዳቶች ዛሬ እዚህ ካላችሁ፣ ሳትሄዱ አግኙኝ። ከማዕከሉ ሲስተሮች ጋር ሆነን የመተማ አውቶቡስ የሚቆምበት ግድግዳ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ረዳቱም ሂሳብ ሲሰበስብ ምን እንደሚል እንነጋገራለን። መድረኩን ለጥያቄ ለቅቄያለሁ።